በለሆሳስ የሚሰማ ዜማ፦ ከጋይንት ቤተልሔም እስከ እማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ

ከጉና ተራራ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ተዘርግቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያቅፈው አገር፣ ቀድሞ የበጌምድር አካል የነበረና በዛሬው አከላለል የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሆነ፣ ደጋና ቆላ የተፈራረቀበት ምድር ነው። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ፣ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ የስማዳዋ ወገዳ ለመንገደኛ የገበያና የመናኸሪያ ስሞች ቢሆኑም፣ ለቤተ ክህነት ሰው ይህ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የዜማ አገር ነው። ስለ ዜማው የሚነገረው ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው የሰጪዎች ታሪክ ነው፤ ማን እንደ ደረሰ፣ ማን ምልክት እንዳወጣ፣ የትኛው መምህር ከየትኛው መምህር እንደ ተቀበለ በዝርዝር ይቆጠራል። ዜማውን ሲቀበል የኖረው ጆሮ ምን ዓይነት ጆሮ እንደ ነበረ፣ በምን ሥርዓት እንደ ተገራና በየት በኩል ወደ ሌላው ሙዚቃ እንደ ተሻገረ ግን እምብዛም አልተጠየቀም፤ ጥያቄው ሊነሣ የሚገባውም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ እጅግ ዝግ ያሉት ድምፆች፣ ማለትም የበገናው ድርደራና የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ ያለዚህ ጆሮ በግማሽ ብቻ ስለሚሰሙ ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚሆኑ ቃላት አላጣም። «ሰማ» የሚለው ግስ ድምፅ ወደ ጆሮ መድረሱን ብቻ ሲናገር፣ «አደመጠ» የሚለው ሰሚው ሐሳቡን ሰብስቦ፣ ጆሮውን ሰጥቶ መቆየቱን ይጨምራል፤ «ጥሞና» ደግሞ በቤተ ክህነት አነጋገር ከሰው ጫጫታ ተለይቶ በጸጥታ የሚቆዩበት ጊዜና መንፈስ ነው። «በለሆሳስ» ማለት ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ እስኪመስል ድረስ አለዝቦ መናገር ወይም ማዜም ሲሆን፣ ቃሉ ከጸሎት ቤት ወጥቶ የዘወትር አማርኛ ሆኗል። እነዚህ ቃላት የበቀሉበትን ሥርዓት ለማየት ከጋይንት ቤተልሔም መነሣት ይቀላል።

ቤተልሔም የሚለው ስም በማንኛውም ደብር ቅጥር ውስጥ ኅብስትና ወይን የሚዘጋጅበት ቤት መጠሪያ በመሆኑ፣ የጋይንቱን ደብር ለማያውቅ ሰው ሊያሳስት ይችላል፤ የዜማ ተማሪ ግን «ቤተልሔም ወረድኩ» ሲል የቱን ማለቱ እንደ ሆነ አይጠየቅም። ደብሩ ከውጭ ሲታይ እንደ ብዙዎቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሲሆን፣ በውስጡ የሸሸገው ግን ከዚያ እጅግ የሚቀድም፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ነው። ይህ የሕንፃ ጥንታዊነት የታሪክና የሥነ ሕንፃ ተመራማሪዎችን ሲስብ ቢኖርም፣ አገሬው ስፍራውን የሚያከብረው ከሁሉ በላይ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኑ ነው። ድጓ ማለት የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት እየተከተለ የሚዜም የዝማሬ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከመስከረም የሚጀምረው የዮሐንስ ክፍል፣ ከዚያ የሚቀጥለው አስተምሕሮና ከትንሣኤ ወዲህ ያለው የፋሲካ ክፍል አሉት፤ የዐቢይ ጾሙ ድርሻ ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይጠራል። ድርሰቱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም እንዲሁ። ሊቃውንቱ ግዕዝን ደረቅና ጽኑ፣ ዕዝልን ለስላሳ፣ አራራይን አንጀት የሚበላ ነው እያሉ ይለያሉ።

«ማስመስከር» የሚለው ቃል ራሱ ሊቆዩበት የሚገባ ቃል ነው። በሌላ ስፍራ ድጓን የተማረ ሰው መምህር ለመባል ወደ ቤተልሔም መጥቶ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ከደብሩ ዜማ ጋር ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት ያስተያያል፣ ይታረማል፣ በመጨረሻም ይመሰከርለታል። ትውፊቱ ለደብሩ ይህን ሥልጣን የሰጠበት ምክንያት አለው፤ ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በቆየው የአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ብዙ መጻሕፍት በተቃጠሉ ጊዜ ድጓ ተርፎ የተገኘው በዚህ ስፍራ ነው ይባላል። ትረካው ሁሉን አሟልቶ ባያስረዳም አንድ ነገር ያሳያል፤ አገሬው ሥልጣንን የሚቆጥረው ከመጽሐፉ ብራና ይልቅ መጽሐፉን እንዴት እንደሚያዜሙት የሚያውቁ ሰዎች ጆሮ ካለመቋረጡ ነው። መጽሐፉ ቢተርፍና ሰሚው ቢጠፋ ኖሮ ድጓው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የቀረ ያህል ይሆን ነበር፤ ይህም የምልክቱን አሠራር በቅርብ ሲያዩት ግልጥ ይሆናል።

በድጓ ብራና ላይ ከቃሉ በላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ሁለት ዓይነት ምልክት ይሰፍራል። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክና ቁርጥ የሚባሉት የቅርጽ ምልክቶች ናቸው፤ ስማቸው ድምፁ የሚሠራውን ሥራ ይጠቁማል፤ ድፋት ድምፅ ወደ ታች የሚደፋበት፣ ርክርክ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድበት፣ ቁርጥ በድንገት የሚቆምበት ነው። ሁለተኛውና የሚበዛው ግን ሥረይ የሚባለው የፊደል ምልክት ሲሆን፣ ከታወቀ ዝማሬ ቃል ላይ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተቆንጥሮ በሌላ ቃል ላይ ሲቀመጥ «ይህን ቃል ያን ስታዜም ባዜምክበት አኳኋን በለው» ማለት ይሆናል። ተመራማሪዎች የሰበሰቧቸው እንዲህ ያሉ የፊደል ምልክቶች ከ500 በላይ ናቸው። የአውሮፓ የሙዚቃ ጽሕፈት ድምፁ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል ለማያውቀው ሰው ሊነግር ይሞክራል፤ ሥረይ ግን ቀድሞ ለሰማ ሰው ብቻ የሚያስታውስ ማስታወሻ ነው። ያላዳመጠ ሰው ፊደሉን ቢያነብም ምንም አያዜምም።

ይህን የምልክት ሥርዓት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንደ ሠሩት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል፤ ስማቸውም ከአማራ ሳይንቷ ተድባበ ማርያም ጋር ተያይዞ ይጠራል። ሳይንት ከስማዳ ፊት ለፊት፣ ከሸለቆው ማዶ ናት። ከጦርነቱ በኋላ የተበተነውን ዜማ መልሶ ለመሰብሰብ የተደረገው ትልቅ ሥራ እንዲህ ባለ ገደል በሚለያያቸውና ተማሪ በእግሩ ወርዶ ወጥቶ በሚያገናኛቸው አጎራባች አገሮች መካከል መሠራቱ በአጋጣሚ አይመስልም። ምልክቱ የተፈለሰፈው አድማጩን ለመተካት ሳይሆን የአድማጩ ቁጥር ሲሳሳ የቀረውን ለመደገፍ እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህም አንድም መምህር «ምልክቱን አንብበህ ድረስበት» ብሎ ተማሪውን ብቻውን የተወበት ሥርዓት አልተፈጠረም።

ጆሮው የሚገራው በሌሊት ነው። የዜማ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ንባብ ተምሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ፣ ደበሎ የሚባለውን የበግ ለምድ ለብሶ፣ አኮፋዳ የሚባለውን የስንደዶ መያዣ አንግቶ ይመጣል፤ በደብሩ ዙሪያ ትንሽ የሣር ጎጆ ይቀልሳል ወይም ከቀደሙት ጋር ይዳበላል፤ ቀን በየመንደሩ ቁራሽ ይለምናል፣ ውሻ ይከላከላል፣ እንጨት ይለቅማል፤ መጽሐፉን የሚያየውም በቀን ብርሃን ነው። ሲመሽ ግን መጽሐፍ አይታይም። የቃል ትምህርት የሚባለው፣ ማለትም ከመምህር ወይም ከፍ ካለ ተማሪ አፍ ዜማውን እየተቀበሉ በልብ የሚይዙበት ክፍል፣ በጨለማ ውስጥ ይካሄዳል። መምህሩ የኔታ ይባላሉ፤ ተማሪው የተቀበለውን ሲመልስ እርሳቸው ያዳምጣሉ፤ ዜማው ከመንገዱ ሲወጣ ስሕተቱን በቃላት አያብራሩም፣ ትክክለኛውን ራሳቸው አዚመው ያሰሙታል፣ ተማሪውም ልዩነቱን ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ደጋግሞ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ማስተማር ትዕግሥትን ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል፤ በእርግጥ የሚጠይቀው በሁለት ተቀራራቢ ድምፆች መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት መለየት የሚችል ጆሮ ነው። በዚህ ደረጃ የሚማሩት ቁም ዜማ ከበሮም፣ ጸናጽልም፣ ሽብሸባም የሌለበት፣ የሰው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ዜማ ስለ ሆነ፣ የሚሸሸጉበት ግርግር የለም። መቋሚያውና ከበሮው የሚመጡት በኋላ፣ በአቋቋም ትምህርት ነው።

የጆሮው ጥራት ምን ያህል እንደ ደረሰ የሚመሰክሩት የዜማ ቤቶቹ ስሞች ናቸው። ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር የሚባሉት የዜማ ዓይነቶች አንዱን ቃል፣ አንዱን ምልክት፣ በተለያየ ለዛ ያዜማሉ፤ ቆማ ደግሞ በእስቴ ምድር የሚገኘው የቆማ ፋሲለደስ ደብር የሚጠራበት ስም ነው። በዚያው በጋይንት ያለችው ዙር አምባ በበኩሏ የዝማሬ መዋሥዕት፣ ማለትም ከቅዳሴ በኋላ በቁርባን ጊዜና በፍትሐት የሚዜሙት ክፍሎች፣ ማስመስከሪያ ናት፤ ትውፊት ያሬድ ከአፄ ገብረ መስቀል ጋር በዚያ እንደ ቆየ ይተርካል። ለሌላው ሰው ሁሉም አንድ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመስለውን፣ የዚህ አገር ሊቅ ሁለት ሐረግ ሰምቶ ተማሪው ከየት እንደ መጣ ይናገራል።

ይህ አገር ከባድ ድምፅ አልሰማም ማለት ግን አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ አሳልፈውታል፤ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። ጋይንት በታሪክ መጻሕፍት ከሚነሣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መድፍ ነው።

ከቅጥሩ ውጭ ያለው ሙዚቃ በቤተ ክህነቱ ዘንድ ክብር ያላገኘ ቢሆንም፣ በዚያም ማዳመጥ የሙያው አካል ነው። አዝማሪ፣ ማለትም ማሲንቆ እየመታ ግጥም የሚያወጣው ባለሙያ፣ በጠላና በጠጅ ቤት፣ በሠርግና በግብር ሲጫወት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም አንድ ጊዜ ብቻ የሰማውን ስንኝ ወዲያው በዜማው ልክ አስገብቶ ይዘፍነዋል። ታዳሚው በበኩሉ ቃሉ ውስጥ የተሸሸገውን ሁለተኛ ትርጉም፣ ሰሙን ገፎ ወርቁን፣ ካላገኘ ጨዋታው አልፎት ይሄዳል። የቅኔ ቤቱ ሰምና ወርቅ እዚህ ጠጅ ቤት ውስጥ መገኘቱ ካህናቱን ሳያስደስት የቀረ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ፈጣንና ብልህ ጆሮ መፈለጋቸው ነው። ይህ ጆሮ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ጠላት ሳይቀር አውቆታል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ የጣሊያን ወራሪ እንደራሴ ግራዚያኒ ጠንቋይና ባሕታዊ የሚላቸውን ከአዝማሪዎች ጋር አንድ ላይ እንዲገደሉ ማዘዙ፣ በአንዲት ማሲንቆ አንድ ክር ላይ የሚባለው ነገር በሰሚው ዘንድ ከአዋጅ በላይ እንደሚሠራ ከመፍራት የመጣ ነው።

በገና ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ክራርና ማሲንቆ ይመታሉ፣ እምቢልታ ይነፋል፣ በገና ግን ይደረደራል፤ ባለሙያውም በገና ደርዳሪ ይባላል። ቁመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጠው ይህ መሣሪያ ገበቴ የሚባል በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን፣ ሁለት ምሰሶዎች፣ ከላይ ቀንበርና ከበግ አንጀት የሚጠመዘዙ 10 አውታሮች አሉት። በጣት ሲደረደር ከ10ሩ አውታሮች ሁሉም አይነኩም፤ ከፊሎቹ ድምፅ ሳይሰጡ የጣት ማረፊያ ሆነው ያገለግላሉ፤ ሁሉም የሚነኩት ድሕንጻ በሚባለው መምቻ ሲደረደር ነው። አውታሮቹ ገበቴው ላይ በሚያርፉበት ብርኩማ በተባለው መደገፊያ አጠገብ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይሰካሉ፤ አውታሩ በቆዳው ላይ ሲርገበገብ ድምፁ እንደ ንብ ይጉረመረማል። ደርዳሪው ድርደራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን እንዚራ በፀጉር ስፋት ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋ፣ ጆሮውን ወደ ምሰሶው አዘንብሎ፣ ጉርምርምታው እስኪጠራ ድረስ ይደክማል፤ አድማጭ የሚሆነው ሰው ይህን ሥራ በትዕግሥት ካልተከታተለ ድርደራው ሲጀመርም ዝግጁ አይሆንም።

በገናን የዳዊት በገና ነው፣ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ የሚለው ትውፊት ቢነገርም፣ በእጅ ያለው ማስረጃ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ሥዕል ነው፤ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ንጉሥ ዳዊት በመዝሙረ ዳዊት መግቢያ ላይ ይህን መሰል መሣሪያ ይዞ ይሣላል። ደርዳሪዎቹ በታሪክ የሚታወቁት ከአዝማሪው በተለየ መልኩ ነው፤ መነኮሳት፣ ካህናት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ለገንዘብ ሳይሆን ለጸሎት ይደረድሩ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስና እቴጌ ጣይቱ በገና ያውቁ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። ጊዜውም የተለየ ነው፤ ከበሮና እልልታ ዝም በሚልበት በዐቢይ ጾም፣ ማታ፣ በቤት ውስጥ። በቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ሥርዓት ውስጥ አይገባም፤ በገበያና በድግስም አይገኝም። ይህ ቦታ የማጣት የሚመስል ሁኔታ በገናን አኑሮታል ለማለት ይቻላል፤ ጉልበት የሌለው ድምፅ የሚኖረው ሌላው ሁሉ ዝም የሚልበት ጊዜ በሥርዓት ሲከበርለት ነውና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተከሰተውም ይህ ጊዜ መጣበቡ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሬዲዮ በጾም፣ በተለይም በሰሙነ ሕማማት፣ በገናን ያሰማ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በደርግ ዘመን የበገና ዜማ ከሬዲዮ ጠፋ፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የነበረው የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። በዚያ ትምህርት ቤት በገናን ያስተምሩ የነበሩት ዓለሙ አጋ፣ በ1942 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩ፣ በዩኒቨርሲቲም ጂኦግራፊ ያጠኑ ሰው ናቸው፤ ከማስተማሩ ወጥተው በፒያሳ ሱቅ ከፍተው ሲኖሩ በገናውን አላስቀመጡም። የእርሳቸው ድርደራ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች 11ኛ ሆኖ በፈረንሳይ ሲታተም ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው አድማጭ ብዙ የአገሩ ሰዎች ለ20 ዓመታት ያህል በአደባባይ ያልሰሙትን ድምፅ አገኘ። ነገሩ መራራ ቀልድ ያለው ይመስላል፤ ቢሆንም ከፈረንሳይ የመጣው ሲዲ፣ ኋላም ከየሰንበት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው የበገና ሥልጠና፣ ድርደራውን ወደ ብዙ ወጣቶች መልሰውታል።

ማይክሮፎኑ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በድምፅ ማጉያ ከደብር ቅጥር የሚወጣ በገና በመንገድ ላይ ሳይቀር ይሰማል፤ የቆዳው ጉርምርምታ፣ የጣቱ ውርድ፣ ድምፅ የማይሰጠው አውታር ላይ ያረፈው ጣት የሚያመጣው ጸጥታ ግን ጎልቶ ከወጣው ድምፅ ጋር አብሮ አይጎላም፤ የሚጠፋው አስቀድሞ እርሱ ነው። ደርዳሪው በአንድ ክፍል ውስጥ ለአሥር ሰው ሲደረድር እነዚህ ሁሉ የዜማው አካል ነበሩ።

የበገናው ጉዳይ በዚህ ይቆይና፣ ከዚያው የዜማ ምንጭ የጠጣ ሌላ ዝግ ያለ ድምፅ አለ፤ እርሱም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ነው። ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱት የውብዳር ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅና ኋላ ደራሲና የፓርላማ አባል የሆኑት የስንዱ ገብሩ እኅት ነበሩ፤ በሕፃንነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ታስረው ወደ ጣሊያን ደሴት ተጋዙ፤ ከነፃነት በኋላ ካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ሙዚቃ አጠኑ። ወደ ለንደን ሊሄዱበት የነበረው የትምህርት ዕድል ሲሰናከል ወደ ግሸን ማርያም ወጥተው መነኮሱ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ያለ ነው። በተራራው ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ግሸን የምትገኝበት አምባሰል ከአራቱ የዓለማዊ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ በስሙ የሚጠራበት አገር መሆኑ የሚጠቀስ ነው፤ ቅኝት ማለት ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች ዝግጅት ሲሆን፣ ሌሎቹ ትዝታ፣ ባቲና አንቺሆዬ ናቸው።

በ1950ዎቹ እማሆይ በጎንደር የያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። በየዕለቱ ሲያልፉ የዜማና የቅዳሴ ተማሪዎች በየደጀ ሰላሙ፣ በውጭ ሲተኙ ያዩ ነበርና፣ ልጆቹን ለመርዳት በ1959 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በጀርመን አስቀረጹ፤ ገቢውም ለዚያ የታሰበ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ሥራዎቻቸው የኢትዮፒክስ 21ኛ አልበም ሆነው ሲወጡ የውጭው ዓለም ተገረመ፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ስለ እርሳቸው በውጭ የተጻፈው አብዛኛው የፈረንሳይ የሙዚቃ ደራሲዎቹን ሳቲንና ደቡሲን፣ እንዲሁም የአሜሪካን ብሉዝ ያነሣል። ንጽጽሩ ሐሰት አይደለም፣ ስዊዘርላንድና ካይሮ ከጣቶቻቸው አልጠፉምና፤ ይሁን እንጂ የቤተልሔምን የሌሊት ትምህርት የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። የፒያኖ ቁልፍ ድምፅን ማንሸራተት አይችልም፤ ሂደትና ርክርክ የሚሉት ምልክቶች የሚያዙትን ሥራ በሁለት ቁልፎች መካከል ማግኘት አይቻልም። እማሆይ ይህን ችግር የፈቱት ከዋናው ድምፅ በፊት አጠገቡ ያለውን በፍጥነት ነካ በማድረግና ሐረጉን በጥቃቅን ድምፆች እያንቀጠቀጡ በማውረድ ነው። ምታቸውም እንደ ሜትሮኖም፣ ማለትም እንደ ምት መቁጠሪያው መሣሪያ፣ አይቆጠርም፤ ቁም ዜማ በቃሉ ርዝመትና በትንፋሽ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የእርሳቸውም ሐረግ እስከሚያልቅ ድረስ ይረዝማል፣ ካለቀ በኋላ ዝም ይላል። ቸኩሎ የሚሰማ ሰው ይህን ዝምታ እንደ ክፍተት ይቆጥረዋል፣ ወይም ሙዚቃው «ሻይ ቤት የሚከፈት» ለስለስ ያለ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል፤ በእርግጥም ዛሬ በየሻይ ቤቱና በየፊልሙ ጀርባ ሲሰማ ይውላል።

በ1950ዎቹ ጎንደር እማሆይን ያሳዘኗቸው ተማሪዎች፣ ከጋይንትና ከእስቴ ይሁን ከሌላ አውራጃ የመጡ፣ ሸክላውን የሚያጫውቱበት ግራሞፎን በጎጆአቸው አልነበራቸውም። ገንዘቡ የታሰበላቸው ልጆች በጨለማ ተቀምጠው ከየኔታ አፍ የሚወጣውን ሐረግ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ ሲቀበል ሌላው ተራው እስኪደርስ በልቡ ይደግመዋል፣ ከንፈሩ በለሆሳስ ይንቀሳቀሳል።